ደብረ ብርሃን እያደገች ነው፤ ነዋሪው ምን ይላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ስለ ደብረ ብርሃን እድገት በየቤቱ፣ በየዕድሩና በየካፌው የሚነሡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ብዙ ናቸው፦ መሀል ከተማ የሚኖረው፣ ከተማው ወደ እርሻው የመጣበት አርሶ አደር፣ ለሥራ ከሌላ ወረዳ የመጣው ወጣት፣ ውጭ ሀገር ሆኖ የትውልድ ቦታውን በስልክ የሚከታተለው። በመልሶቹ ውስጥ ሕግ የተጠቀሰው መብቱን የማያውቅ ሰው ቢሮ ሲሄድ የሚጠይቀውን እንዲያውቅ ነው።

የደብረ ብርሃን ሰው ልማቱን ይቃወማል እንዴ?

አይቃወምም። ይህን አስረግጦ መናገር ያስፈልጋል፤ ቅሬታ ያሰማ ሁሉ «ፀረ ልማት» እየተባለ ብዙ ሰው አፉን ይዞ ቀርቷልና። ደብረ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ቁርስ በልቶ፣ ብርዱን አማርሮ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ፋብሪካ ሲባል ሰው የሚያስበው በ1950ዎቹ የተቋቋመውን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ሥራ ካማረው ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ይወርዳል። እናት ልጇ እዚሁ ሠርቶ፣ እዚሁ ጎጆ ወጥቶ እንዲኖርላት ብትመኝ፣ ፋብሪካው ሲመጣ እልል ብትል ምን ይገርማል?

ነዋሪው የሚያማርረው ቅደም ተከተሉን ነው። መሬቱ መጀመሪያ ይወሰዳል፤ ካሳው ይከተላል፤ ውሃው፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱና የተነሺው መቋቋሚያ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይጠበቃል። አንዳንዱም ሲጠበቅ ይቀራል። ያንኑ ሰው ጠዋት ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩራት ሲያወራ፣ ማታ ስለ ውሃው ሲያማርር ብትሰሙት ሐሳቡን የቀየረ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱንም ከልቡ ነው።

ባለሀብቱ ለምን ደብረ ብርሃንን መረጠ?

ቅርበቱ አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያ ላይ በኮምቦልቻ አድርጎ በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚያደርሰው ዋና መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ሁለተኛው ደጋነቷ ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለችውን ከተማ የሚከቧት ባሶና ወራናን የመሰሉ ገብስና ስንዴ አምራች ወረዳዎች ናቸው። ሐበሻ ቢራም፣ የዳሸን ሁለተኛ ፋብሪካም በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. አካባቢ እዚህ ሥራ የጀመሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገብሱም ውሃውም ገበያውም ቅርብ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ እየተቀበለ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲስ አበባ ዙሪያ መሬት እየተወደደና እየጠፋ ሲሄድ ደግሞ የሁሉም ዓይን ወደዚህ ዞረ።

አሁንም ትንሽ ከተማ ናት ማለት ይቻላል?

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 38,717 ሰው ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 65,231 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሀገር ደረጃ ቆጠራ አልተደረገም። ዩኒቨርሲቲው የሰፋው፣ ፋብሪካዎቹ የተተከሉት፣ ተፈናቃዩ የመጣው ግን ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። የውሃ መስመር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በግምት ላይ በቆመ የሕዝብ ቁጥር ሲታቀድ ውጤቱ ምን እንደሚሆን የየሰፈሩ ነዋሪ በቧንቧው ያውቀዋል።

አርሶ አደሩ ካሳ ይከፈለው የለም እንዴ? ለምን ይከፋዋል?

ከሁሉም በላይ መደመጥ ያለበት ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

ከተማው ዳር ያለ የአርሶ አደር ቤተሰብ የሚኖረው በገብሱ ብቻ አይደለም። በጎቹ አሉ። ለበጎቹ ግጦሹ አለ፤ ግጦሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ በማንም ስም አልተመዘገበም። ገለባው ለከብቱ ነው። ኩበቱ ማገዶ ነው፤ ለከተማው ይሸጥና ለጨው፣ ለዘይትና ለልጅ ደብተር ይሆናል። ኩበቱን የምትጠፈጥፈውም የምትሸጠውም በአብዛኛው ሴቷ ናት፤ ብሩም በእጇ ይገባል። ገማቹ መጥቶ ማሳውን ለክቶ ሲሄድ ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉ ወረቀት ላይ ይሰፍራል? ቤተሰቡ በእጁ ሲያዘው የኖረው ኑሮ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀለላል፤ ቁጥሩ ሲነበብ ብዙ ይመስላል።

ከዚያ ብሩ ባንክ ይገባል። ዕድሜ ልኩን የዓመት ቀለቡን በጎተራ ሲያሰላ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ይህን ያህል ብር ሲይዝ የሚመክረው ማነው? ዘመድ ብድር ይጠይቃል፤ ደላላ ባጃጅ ግዛ ይለዋል፤ ሌላው ወፍጮ ቤት ክፈት ይለዋል። የዋጋ ንረቱ ደግሞ አይጠብቅም፤ የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከዚያ በፊት ካሳ ተቀብሎ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደቀረው ራሱ ያውቀዋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያው አርሶ አደር በቀድሞ ማሳው ላይ የተሠራ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል። ይህ በብዙ የሀገራችን ከተሞች ዳር የታየ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይም ሰው የሚፈራው ይህንኑ ነው።

ሌላው የሚያቆስለው ልዩነቱ ነው። መሬቱ ከአርሶ አደሩ ሲወሰድ የሚታሰበው የሰብሉ ዋጋ ነው። ከተማው ውስጥ ገብቶ፣ ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ ግን በካሬ ሜትር የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው። ሕጉ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አርሶ አደሩም ይህን አይክድም። እሱ ግን ከሕዝቡ አንዱ ነኝ፣ ከጭማሪው የእኔ ድርሻ የታለ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው ብለን እናምናለን፤ እስከ አሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

ካሳው የሚሰላው እንዴት ነው?

በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት የለቀቀ አርሶ አደር ከመነሣቱ በፊት የነበሩት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሻለ፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ለምሳሌ ከሦስቱ ዓመታት የተሻለው ዓመት ምርት 60,000 ብር ያወጣ ከሆነ ካሳው 900,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። በመሬቱ ላይ ያለ ቤት፣ ዛፍና ሌላ ንብረት ለብቻው ይገመታል። አዋጁ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲኖር ያዝዛል፤ ይህን ብዙ ተነሺ ስለማያውቀው አይጠይቅም።

አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ማሻሻያው ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተሞች አዙሯል። ስለዚህ ግምት ሲደርሳችሁ የተሠራው በየትኛው ሕግና መመሪያ፣ በየትኛው ዓመት የገበያ ዋጋ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የአንድ ኩንታል ገብስ ዋጋ የአምናው ነው የዘንድሮው? በ15 ሲባዛ ትንሿ ልዩነት ብዙ ብር ትሆናለች።

አንድ ነገር እንጨምር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት ነው። ካሳውም በሁለቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ቢገባ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድናል። እመቤቶች፣ ይህን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ፋብሪካው ለልጆቻችን ሥራ ፈጥሯል ወይ?

ፈጥሯል። ይህን መካድ አይቻልም፤ ጠዋት የሠራተኛ ሰርቪሱን የሚጠብቀውን ወጣት ማየት በቂ ነው። ጥያቄው የሥራው ዓይነትና ደመወዙ ነው። ሀገራችን በግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የላትም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ወለሉ አልተወሰነም። ከገጠር የመጣች ልጅ የምትከፈለው ለቤት ኪራይና ለምግብ ከዋለ በኋላ ለቤተሰብ የምትልከው አይተርፋትም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጥቂት ወር ሠርተው ይለቃሉ፤ አሠሪውም ሠራተኛ አይበረክትልኝም ይላል።

በዚህ ላይ የአጎዋ ጉዳይ መጣ። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ የሚልኩ ፋብሪካዎች በየፓርኩ ተቸገሩ። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነው ውሳኔ ደብረ ብርሃን ዳር በቀን ሥራ የምትኖር ልጅን ቤት ማንኳኳቱ የዚህ ዓይነት እድገት በማን እጅ እንዳለ ያሳያል። በአካባቢው ገብስ፣ ስንዴና በግ ላይ የቆመ ፋብሪካ ግን ገበያው እዚሁ ነው፤ ገበሬውንም ይዞት ያድጋል። ከተማዋ መሬት ስትሰጥ ይህን ብታስቀድም እንመርጣለን።

የቤት ኪራይ ለምን እንዲህ ናረ?

ሰው መጣ፤ ቤት ግን በዚያ ፍጥነት አልተሠራም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ከጸጥታ ችግር ሸሽቶ ከሌላ ወረዳ የመጣው ሁሉም የሚፈልጉት ያችኑ አንድ ክፍል ነው። የሚያከራይ ደስ ይለዋል፤ ጡረተኛ እናት ጓሮዋ ላይ የሠራቻቸው ሁለት ክፍሎች ጧሪዎቿ ሊሆኑ ይችላሉ። ተከራዩ ደግሞ በየስድስት ወሩ ዕቃ ይሸከማል። የቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ የሚጠብቀው ወጣትና የመንግሥት ሠራተኛም ወረፋው አልደርስ ብሎታል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው እንዳያልፍ ይላል። በክልል ከተሞች ተግባራዊ የሚሆነው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ከከተማ አስተዳደሩ ጠይቁ።

ውሃውና የበሬሳ ወንዝስ?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። የታሸገ ውሃና ቢራ የሚያመርት አካባቢ ነዋሪ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ቢናደድ አይፈረድበትም። ፋብሪካዎቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ሊቆፍሩ ይችላሉ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን የጋራ ነው፤ በዓመት ምን ያህል እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚተካ ለሕዝብ በግልጽ መነገር አለበት።

በሬሳ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ ከብቱን ያጠጣበታል፣ አትክልቱን ያለማበታል። ከፋብሪካም ከመኖሪያ ቤትም የሚለቀቀው ፍሳሽ ጉዳይ የቆየ ቅሬታ ነው፤ አዲስ ፋብሪካ በተተከለ ቁጥር ደግሞ ይታደሳል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ግዴታ ነው፤ ሰነዱ ግን በቢሮ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ወንዙን አያጠራውም። ቀበሌው ውስጥ ተለጥፎ፣ በሚገባ አማርኛ ተጽፎ፣ ከታች ያለው ገበሬም ሊያነበው ይገባል።

የኮሪደር ልማቱን ሰው እንዴት ያየዋል?

አዲስ አበባ የተጀመረው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል፤ ደብረ ብርሃንም አንዷ ናት። የእግረኛ መንገዱና መብራቱ ያስደስታል። በክረምት ጭቃ ውስጥ ለኖረ ሰው ንጹሕ የእግር መንገድ ቅንጦት አይደለም። ዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤትና ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ግን አጥሩ ወደ ኋላ ሲገፋ የሚቀረው ቦታ ለንግዱ አይበቃው ይሆናል። በራሱ ይዞታ ላይ ያለው ካሳ ወይም ምትክ ይጠይቃል። ከግለሰብ ተከራይቶ የሚነግደው ግን የራሱ ይዞታ የለውም፤ ደንበኞቹንም ያጣል። ይህ ክፍተት ነው፤ ከተማው ቢያንስ ጊዜያዊ የመነገጃ ቦታ አዘጋጅቶ ቢያነሣቸው ምን ነበረበት?

ተፈናቃዮችስ የዚህ ጥያቄ አካል ናቸው?

ናቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖቻችን በቻይና ካምፕና በባቄሎ መጠለያ ዓመታት አሳልፈዋል። ነዋሪው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጀራና ብርድ ልብስ ይዞ ወጥቷል፤ የዕድርና የቤተ ክርስቲያን ሰው ተንቀሳቅሷል። ዛሬ የቀን ሥራ ገበያው ላይ ከአካባቢው ወጣት ጋር ይጋፋሉ፤ ይህ ቅሬታ እንደሚያስነሣ አንሸሽገውም። ነገር ግን ተፈናቃዩ ሸክም ሆኖ የመጣ ሳይሆን አርሶ የሚያውቅ፣ ነግዶ የሚያውቅ ሰው ነው። ደኅንነቱ ተረጋግጦለት ወደ ቀዬው ለመመለስ የሚፈልግ አለ፤ እዚሁ ለመኖር የሚፈልግም አለ። የከተማዋ ፕላን ሁለተኛዎቹን ቆጥሮ ቦታ ካላዘጋጀላቸው በድንኳን ያደጉ ልጆች በድንኳን ይጎረምሳሉ።

በዚህ ጸጥታ ስለ እድገት ማውራት ይቻላል?

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ሁሉንም ዕቅድ አዘግይቷል። መንገድ ሲዘጋ ገብሱ አይገባም፣ ምርቱ አይወጣም፤ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። ቢሆንም መሬት መስጠቱና መውሰዱ አልቆመም። ሰው ለስብሰባ ለመውጣት በሚሰጋበት ወቅት የሚደረግ ምክክር ደግሞ እንደ ምክክር ሊቆጠር አይገባም የሚለው የነዋሪው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

ሕዝቡን ማማከር በሕግ ግዴታ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?

ግዴታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 በአካባቢ ጉዳይ ይህንኑ ያጠናክራል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነው ዋና ፕላን፣ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ይጠይቃል። ፕላኑ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። የእናንተ ሰፈር በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቦታ ነው፣ መንገድ ነው ወይስ ፋብሪካ? ይህን ማወቅ መብታችሁ ነው። ብዙ ሰው ፕላኑን የሚያውቀው ቀይ ቀለም አጥሩ ላይ ሲቀባ ነው፤ ያኔ ለማማከር ረፍዷል።

የ1161 አዋጅ ሌላም ብዙ የማይነገርለት መብት አለው፦ ባለይዞታው አቅሙ ካለው ቦታውን በፕላኑ መሠረት ራሱ ወይም ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ በቅድሚያ ማልማት ይችላል። የሰፈር ሰዎች ተሰባስባችሁ ብትሠሩበት ቦታውም ጉርብትናውም ይተርፍላችኋል።

ውጭ ሀገር ነው የምኖረው። ከገበሬ ቦታ ልግዛ?

አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ይከለክላል፤ በ«ውል» ስም የሚሰጣችሁ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ አይጸናም። የሚሠራው የጨረቃ ቤት ይፈርሳል፤ የእናንተም ብር፣ የዚያ ገበሬም መሬት ይጠፋል። ከተማው በሊዝ ጨረታ ሲያወጣ ተወዳደሩ፣ ወይም ካርታ ያለው ቤት ግዙ። ለአካባቢው መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ካሳ የተቀበሉ ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው የሚጀምሩት ወፍጮ፣ የበግ ማድለቢያ ወይም የወተት ሥራ ከቦታ ግዢ የተሻለ መንገድ ነው።

ግምቱ ካልተስማማኝ የት ልሂድ?

መጀመሪያ የግምቱን ዝርዝር በጽሑፍ ውሰዱ፤ የቃል መልስ አትቀበሉ። ከዚያ ለቅሬታ ሰሚው አካል አመልክቱ። አዋጅ 1161 ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ የማስለቀቂያ ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው፤ ማሻሻያ ስላለ ቀኑን ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡና ቀድማችሁ ሂዱ። በውሳኔው ካልረካችሁ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤው አለ፤ ከዚያም ፍርድ ቤት። ሁሌም የማመልከቻችሁን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ብቻችሁን ከምትሄዱ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ፣ የሁሉንም ማሳ ግምት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ ለአንዱ የተቆጠረው ለሌላው የተዘለለው ያኔ ይታያል። ደብተራችሁን፣ የግብር ደረሰኛችሁንና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ምርት የሚያሳይ ማናቸውንም ማስረጃ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ደረሰኝ ጨምሮ፣ ከአሁኑ ሰብስባችሁ አስቀምጡ።